የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ባለ ቦልት ይሻላል ባለ ሌቨር?

የሱሉልታው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቴክሳስ ያለው ታናሽ ወንድሜ .357 ማግነም የሚጎርስ ጠመንጃ ሊገዛ ሁለት ላይ ቆሟል። አንዱ ሩገር 77/357 ነው፣ እንደ ምንሽር ቦልቱን አንስተህ ወደኋላ የምትስበው። ሌላው ሮሲ 92፣ ከምላጩ ሥር ያለውን ሌቨር ወደታች ገፍተህ የምታቀባብለው። የሚተኩሰው ዒላማ ላይ፣ አልፎ አልፎም ማሳ የሚያርስ የዱር አሳማ ላይ ነው፤ ርቀቱ ከ100 ሜትር አይበልጥም። በርከት ያለ .38 ስፔሻል የሚባል የሽጉጥ ጥይትም አለው፣ እሱንም በዚሁ መጨረስ ይፈልጋል። እኔ እዚህ ሱሉልታ ሆኜ የማውቀው ምንሽር ነው፤ ሌቨሩን ከፊልም ውጭ አላየሁትም። የቱ ነው የማያስቸግረው? መነጽርስ ይገጠምባቸዋል?

ባለ ሰደፍ፦
መነጽሩን አስቀድመን እንጨርሰው። ሮሲ 92 ቀለሁን የሚተፋው ወደ ሰማይ ነው፤ በላዩ መነጽር ብትተክል ቀለሁ ይመታውና ተመልሶ ይወድቅበታል። ሩገሩ ከነመነጽር ማሰሪያ ቀለበቱ ነው የሚመጣው። ሌቨር ካልሆነ ካለ ደግሞ ማርሊን 1894ን ይመልከት፤ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀለሁንም በቀኝ ጎን ይተፋል።

ዋናው ጣጣ ያ .38 ነው። የ.357 ቀለህ ከ.38ቱ በ3.4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የተራዘመውም ሆን ተብሎ ነው፣ ኃይለኛው ጥይት ለ.38 በተሠራ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ። ስለዚህ .38ን በ.357 ጠመንጃ መተኮስ ይቻላል፣ ግልባጩ ክልክል ነው። ሌቨሩ ግን የጥይት ርዝመት ይመርጣል። ከአፈሙዙ ሥር ካለው ቱቦ የሚወጣውን ጥይት አንድ ማንሻ ይቀበለውና ወደ ጥይት ቤቱ አፍ ያነሳዋል። ጥይቱ ካጠረ የቀጣዩ ጥይት መቀመጫ ከቱቦው ብቅ ይልና ማንሻውን ያግደዋል፤ ሌቨሩም መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። እርሳሱ 158 ግሬን (10 ግራም ገደማ) የሚመዝን ተራ .38 አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። የማያልፈው እርሳሱ ቀለሁ ውስጥ ሰምጦ የሚቀረው የወረቀት ዒላማ ጥይት ነው፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና። ወንድምህ ካርቶኑን ይክፈትና ይመልከት፤ እርሳሱ ከቀለሁ አፍ ጋር እኩል ከሆነ ለሌቨር አይሆንም።

በሩገሩ ካዝና ውስጥ እያንዳንዱ ጥይት ለብቻው ጎድጎድ ያለ ቦታ ስላለው የአንዱ መቀመጫ ጠርዝ ከሌላው ጋር አይያያዝም። ጠርዝ ያለው ጥይት በተራ ካዝና ውስጥ ሲደረደር የሚነክሰው በዚህ መያያዝ ነው። እኔ ብሆን ቦልቱን።

ጥቁር ባሩድ፦
ጋሼ ባለ ሰደፍ፣ በሌቨሩ ላይ ፈረዱበት። ከሚነክሰው ግማሹ የተኳሹ ጥፋት ነው፤ ሌቨሩን በስስት ይገፋውና ሳይጨርስ ይመልሰዋል። እስከ መጨረሻው ወደታች፣ እስከ መጨረሻው ወደላይ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሲያባብሉት ነው የሚያኮርፈው።

ሩገሩ አምስት ጎራሽ ነው። 51 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለው ሮሲ 10 ይጎርሳል፣ ካዝና ሳይነቀልም በጎን በሯ አንድ አንድ እያሉ ይሞሉታል። በሯ አውራ ጣት ትነክሳለች፤ መፍትሔው እያንዳንዱን ጥይት ግማሽ ድረስ ብቻ አስገብቶ በሚቀጥለው አፍንጫ መግፋት ነው። አፍንጫው ጠፍጣፋ ይሁን። ቱቦው ውስጥ የአንዱ አፍንጫ የፊተኛውን መቀመጫ ነው የሚነካው፣ ሹል ከሆነ እርግጫው ካፕሱሉን (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) ሊያስነሳ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አልሸፍንም። ሮሲውን ባዶ ለማድረግ ጥይቱን ሁሉ በጥይት ቤቱ በኩል እያቀባበሉ ማውጣት ነው። ሩገሩ ላይ ካዝናውን ነቅለህ ቦልቱን አንድ ጊዜ ትስባለህ፣ አለቀ። የሌቨሩ መዶሻም ውጭ ስለሆነ ጥይት ጎርሶ ሳለ በእርጥብ አውራ ጣት ለማውረድ መሞከር አደጋ ነው።

ሰንዳፋ በኬ፦
ሁለታችሁም ውልወላውን ረሳችሁት። ሩገሩ ላይ ቦልቱ ተስቦ ይወጣል፣ ዘንጉ ከኋላ ይገባል። ሮሲው ሳይፈታ የሚወለወለው ከአፈሙዝ በኩል ነው፤ ዘንጉ የአፈሙዙን ጫፍ እየፋቀ ዒላማ ያስታል። በገመድ መወልወያ ከኋላ ወደፊት ይሳበው። ማርሊኑ ይሻላል፣ የሌቨሩን አንድ ብሎን ፈትተህ ሌቨሩን፣ ከዚያ ቦልቱን ታወጣለህ። ቦልቱ ሲወጣ ቀለህ ተፊዋ ትንሽ ብረት ከግራ ግድግዳው ላይ ትወድቃለች፣ ሣር ላይ ከፈታኸው ደህና ሁን በላት። ሲመለስ መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ ቦልቱ፣ በመጨረሻ ሌቨሩ። መፍቻው ለብሎኑ ልክ ካልሆነ ጭንቅላቱን ይቦጫጭቀዋል።

.38 አብዝቶ ከተኮሰ በማንኛቸውም ቢሆን ጥይት ቤቱ ፊት ላይ፣ አጭሩ ቀለህ በማይደርስበት በዚያች ሦስት ሚሊ ሜትር፣ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚገባው .357 ይጣበቅና ቀለሁ አልወጣ ይላል። ከ.38 ወደ .357 ከመዞሩ በፊት በማሟሟያ አርሶ በነሐስ ብሩሽ ያሽከርክረው።

የሱሉልታው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ርቀቱስ? ደግሞ ለእረፍት ሲመጣ ይዞት ይምጣ ወይ የሚል ቀልድ አለው።

ባለ ሰደፍ፦
ርቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ጥይቱ ነው የሚወስነው። 158 ግሬን .357 ከአጭር ሽጉጥ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከጠመንጃ አፈሙዝ ወደ 530 ይደርሳል፣ ባሩዱ ነድዶ ለመጨረስ ርዝመት ያገኛልና። በ100 ሜትር ላይ ከተስተካከለ በ150 ሜትር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ አሳማው ላይ ከ100 አይለፍ። ዒላማውን ድንጋይ ፊት እንዳያቆም፣ እርሳሱ ይነጥራል፤ ከጀርባው ወፍራም የአፈር ክምር ይኑር።

ቀልዱን ቀልድ ብቻ ያድርገው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ወንጀል ነው። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ .357 እዚህ አካባቢ ከየት ሊገዛ ነው?

የሱሉልታው፦
ካርቶኑን ከፍቶ ፎቶ ላከልኝ፤ እርሳሱ ከቀለሁ አፍ ጋር እኩል ነው። ሩገሩን በለው አልኩት።