የማታ ቡና እንቅልፍ ነሳኝ፤ የቱን ቡና በስንት ሰዓት ልጠጣ?

የማርቆሱ መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አንድ ሲኒ እጠጣለሁ፣ ረፍት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ማክያቶ አለ፣ ከዚያ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እትዬ ቡና አፍልተው ይጠሩናል። እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ከሁለት ወር በፊት ባለቤቴ ስትወልድ ያረሷት እሳቸው ናቸው፣ ቡናቸውን ትቼ ብቀር ቅር ይላቸዋል። አቦል፣ ቶና እያልን በረካ ላይ ስንደርስ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 4 ሰዓት ላይ ጋደም እላለሁ፣ እስከ 7 ሰዓት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አይዞርም። ጠዋት ክፍል ውስጥ ድካም፣ ድካሙን ለማባረር ደግሞ ሌላ ቡና።
ቡና ማቆም አልፈልግም። ለጠዋት ጠንካራውን፣ ለማታ ቀለል ያለውን እንዴት ልለይ? አቆላሉ ለውጥ አለው? በረካ ብቻ ብጠጣስ?

ፋርማሲስቷ ከባሕር ዳር
መምህር፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። ጤነኛ አዋቂ ሰው የጠጣው ካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር) ግማሹ ከሰውነቱ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሰው ከሰው ግን ይለያያል። አንተ 12 ሰዓት ላይ የጠጣኸው አቦል እኮ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ደምህ ውስጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ስንደክም አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አእምሯችን ውስጥ ይጠራቀማል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለንም በሱ ነው፤ ካፌይን የሱን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም ማለት ነው፣ አልተሰማህም እንጂ። በ2013 በፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከእንቅልፍ ላይ ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መጠኑ ከአንድ ሲኒ በጣም ይበልጣል፣ ግን አንተም የምትጠጣው አንድ ሲኒ አይደለም። 4 ሰዓት የምትተኛ ከሆነ ጠንካራውን ቡና ቢበዛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጨርስ።
ማክያቶውንም ቁጠረው። ወተቱ አፍ ላይ ያለሰልሰዋል እንጂ ካፌይኑን አይቀንሰውም፣ አንዱ ኤስፕሬሶ ብቻውን ወደ 60 ሚሊግራም ይይዛል።
አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ባለቤትህም አብራ ትጠጣለች?

የዘጌ ልጅ
ስለ አቆላሉ እኔ ልመልስ፣ ቡና ጫካ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ እኛ ጋ ገዳማቱን ከቦ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለውን እየለቀምን። ብዙ ሰው ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ኃይለኛ ይመስለዋል። ምሬቱ ነው ኃይለኛው። ካፌይን በመቆላት ብዛት ብዙም አይነካም፣ ስለዚህ ለማታ ብለህ ለጋ አስቆልተህ ምንም አትጠቀምም። ልዩነት የሚያመጣው የዱቄቱ መጠን ነው። ጤና አዳሙም ጨውም ጣዕም ነው የሚለውጡት።
ሌላው የቡናው ዘር ነው። አገራችን የሚበቅለው አረቢካ ነው። ከውጭ በቆርቆሮ የሚመጣው በውኃ የሚሟሟ ቡና ግን ብዙውን ጊዜ ሮቡስታ አለበት፣ የሮቡስታ ፍሬ ደግሞ ካፌይኑ ከአረቢካ እጥፍ ገደማ ነው። ማታ "ቀላል ነው" ብለህ እሱን እንዳትበጠብጥ።
ደግሞ በአንዴ አትቁረጠው። ሐራራው ራስ ምታት ሆኖ ይመጣል፣ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምርህና ቀናት ሊቆይብህ ይችላል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ቀንስ።

እናት ከፍኖተ ሰላም
በረካ ያልከው ልክ ነው፣ ግን አፈላሉን እወቅ። ካፌይን በፈላ ውኃ ቶሎ ስለሚወጣ አብዛኛው በአቦል ይሄዳል፣ አተላው ላይ ውኃ ብቻ ተጨምሮ ከፈላ በረካው በእርግጥም ቀጭን ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ለቶናው ቡናው እንዳይቀጥን ብለን ከዱቄቱ ቆንጠር አድርገን እንጨምራለን። እኔ ራሴ አደርገው ነበር። እንግዲያው ልብ ብለህ እይ፣ ጀበናው ላይ ሲጨምሩ ካየህ በረካ ነው ብለህ አትታለል።
እኔ ቤት የማታው የገብስ ቡና ነው። ገብሱን እንደ ቡና አጥቁሬ ቆልቼ እወቅጠዋለሁ፣ በጀበና አፈላዋለሁ፣ ካፌይን የሚባል የለበትም። ዕጣኑም ቆሎውም ጨዋታውም አለ። ልጆቼም ከኛ ጋር ይጠጣሉ።

የማርቆሱ መምህር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ባለቤቴም ትጠጣለች፣ አቦሉንም ቶናውንም። ምነው?

ፋርማሲስቷ ከባሕር ዳር
ላስፈራችሁ አይደለም። ካፌይን በጥቂቱ ወደ ጡት ወተት ያልፋል። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ እንደኛ በ5 ሰዓት ግማሹን አያስወግድም፣ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ቀናት ይፈጅበታል። ለምታጠባ እናት የሚመከረው በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳታልፍ ነው፣ ለነፍሰ ጡርም እንደዚያው። ልጁ ሌሊት ሌሊት የሚነጫነጭ ከሆነ ለሳምንት ያህል የማታውን ትታው ልዩነቱን እዩ።
ካፌይኑ የወጣለት ቡናም አለ፣ እኔ ግን እዚህ ካፌዎች ስጠይቅ አላገኘሁም። የሚያስቆጨኝ፣ በ2004 በፈረንጆቹ የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ሊባል የሚችል የአረቢካ ተክል ማግኘታቸውን አስታወቁ፣ ዘሩ ከኛው አገር የተወሰደ ነበር።

የማርቆሱ መምህር
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ለእትዬ ፈርቼ ፈርቼ ነገርኳቸው፣ የሕፃኑን ነገር አስቀድሜ። ደነገጡ። "ለካ እኔም ሌሊት ቁጭ ብዬ የማድረው በዚህ ነው፣ እኔ እኮ ዕድሜ ነው ብዬ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ዋናውን ቡና 8 ሰዓት ላይ ያፈላሉ፣ በሥራ ቀን ማታ ገብስ ነው። ማክያቶዋን ትቻት የጠዋቷን አንድ ሲኒ ሁለት አደረግኋት። አሁን 5 ሰዓት ሳይሞላ እተኛለሁ፣ ልጁም ከበፊቱ ይሻላል።
እናት ከፍኖተ ሰላም፣ እትዬ ጠይቅልኝ ያሉኝ አለ፦ ገብሱ እሳቸው ሲያፈሉት ይገነፍላል፣ ምን ይሻላል?

እናት ከፍኖተ ሰላም
በጣም አልመውት ይሆናል። ሸካራ አድርገው ይውቀጡት፣ ጀበናውን እስከ አንገቱ አይሙሉት፣ እንደ ቡናም በኃይለኛ እሳት አይጣዱት። ሰላም በልልኝ እትዬን።