ለእጮኛዬ ቀለበት የቱ ፈርጥ ይሻላል? ትርጉሙንስ ልመን?

ዕጩ ሙሽራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ለእጮኛዬ ቀለበት ላሠራላት ነው። አልማዝ አትወድም፣ እኔም ብዙ አይስበኝም፤ ቀለም ያለው ፈርጥ ነው ያሰብኩት። ማማሩ ብቻ ሳይሆን ትርጉም ቢኖረው ደስ ይለኛል፣ በተለይ ታማኝነትን የሚገልጽ። ልደቷ ጥቅምት 25 ነው። ስፈልግ ለየልደት ወሩ የተመደበ ድንጋይ አለ፣ የጥቅምቱም ኦፓል ነው የሚል አገኘሁ፣ ሄጄም አየሁት፣ በጣም ነው የወደድኩት። ዞር ስታደርገው ቀዩ ይጠፋና አረንጓዴው ብቅ ይላል። አክስቷ ይህን ስትሰማ ግን «ኦፓል ገደ ቢስ ነው፣ ለጋብቻ አይሆንም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። ሌላው ደግሞ ልጅቷ ነርስ ናት፤ እጇን በቀን ስንቴ እንደምትታጠብ እናንተው ገምቱ። ቀለበቱን ደግሞ ሁሌ እንድታደርገው ነው የምፈልገው። ምን ትላላችሁ?

ሰማያዊ

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ! ታማኝነት ካልክ ሰንፔር ነው፣ ብዙ አትጨነቅ። ሰማያዊ ሰንፔር ከጥንት ጀምሮ ከእውነትና ከታማኝነት ጋር ሲያያዝ የኖረ ድንጋይ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ጳጳሳት ቀለበታቸው ላይ ያደርጉት ነበር፣ ቀለሙ ሰማይን ያስታውሳል ተብሎ። ልዕልት ዲያና እ.ኤ.አ. በ1981 ስትታጭ ያደረገችው 12 ካራት የሚሆን ሰማያዊ ሰንፔር ነበር፤ ልጇ ዊልያም በ2010 ያንኑ ቀለበት ለእጮኛው ለኬት ሰጣት። ለእጮኛ ቀለበት አልማዝ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን ንገረው።

ደግሞ ሰንፔር ሲባል ሰማያዊ ብቻ እንዳይመስልህ። ሮዝ አለ፣ ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ። ቀዩ ብቻ ሩቢ ይባላል እንጂ በተፈጥሮው ያው አንድ ዓይነት ማዕድን ነው።

የድንጋይ ወዳጅ

አንድ ነገር ልብ በል ወንድም። የልደት ድንጋዮች ዝርዝር የሚሄደው በፈረንጆቹ ወር ነው። ጥቅምት 25 ማለት በእነሱ ኖቬምበር 4 ወይም 5 ላይ ነው የሚውለው። ኦፓል የኦክቶበር ነው። የኖቬምበር ድንጋዮች ቶፓዝና ሲትሪን ናቸው። ስለዚህ በዝርዝሩ ከሄድን ኦፓል መጀመሪያውኑም የእሷ አልነበረም።

ዝርዝሩን ደግሞ እንደ ሃይማኖት አትያዘው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ብዙዎች በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 ላይ ካለው፣ አሮን ደረቱ ላይ ከሚያደርገው የ12 ድንጋዮች ጌጥ ጋር ያያይዙታል። ዛሬ በየሱቁ የምታየውን ወር በወር የተደረደረ ዝርዝር ያወጡት ግን የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ናቸው፣ በ1912። ከዚያም በኋላ እየጨመሩበት ነው የመጡት። ታንዛናይት ታንዛኒያ ውስጥ የተገኘው በ1967 ነው፣ እና በ2002 የዲሴምበር ድንጋይ ተደረገ። በ1967 የተገኘ ድንጋይ ምን ጥንታዊ ትርጉም ሊኖረው ይችላል? ስለዚህ ትርጉሙን ሰው ነው የሚሰጠው። አንተም መስጠት ትችላለህ፣ ያንተ ትርጉም ከነጋዴ ዝርዝር የሚያንስበት ምክንያት የለም።

አንጥረኛው

ሁላችሁም ስለ ትርጉም ነው የምታወሩት። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ሌላውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ትርጉሙ የቱንም ያህል ቢያምር ድንጋዩ ተሰንጥቆ ከመጣ ማዘንህ አይቀርም።

መጀመሪያ ጥንካሬውን ጠይቅ። የሞስ መለኪያ የሚባል አለ፣ ከ1 እስከ 10። አልማዝ 10 ነው። ሰንፔርና ሩቢ 9። ቶፓዝ 8። አሜቲስትና ሲትሪን 7። ኦፓል ከ5 እስከ 6 ተኩል ገደማ። ሉል ከሁሉም ያንሳል፣ 3 አካባቢ ነው። ለምን 7 ላይ መስመር እንደምናሰምር ልንገርህ፦ በየቤቱና በየመንገዱ ያለው አቧራ ውስጥ ጥቃቅን የኳርትዝ አሸዋ አለ፣ ጥንካሬውም 7 ነው። ከዚያ በታች የሆነ ድንጋይ በጠረግከው ቁጥር ያ አሸዋ ይፍቀዋል። ጭረቱ ወዲያው አይታይህም። ከጊዜ በኋላ ግን ፊቱ ይደበዝዛል፣ ብርሃንም እንደ ድሮው አያንጸባርቅም።

ጥንካሬ ብቻውን ግን አይበቃም። ቶፓዝ 8 ቢሆንም በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የመሰንጠቅ ባሕርይ አለው፤ የበር እጀታ በደንብ ከመታው ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ሰንፔር እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

ኦፓል ውስጡ ውኃ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ። የወሎው ኦፓል ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ስታደርገው ያ የወደድከው የቀለም ጨዋታ ሊጠፋና እንደ መስታወት ሊጠራ ይችላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ንጹሕ ውኃ ከሆነ ብዙም አይጎዳውም። ዘይት፣ ሎሽን፣ ቀለም ያለው ፈሳሽ ሲሆን ግን ውስጡ ገብቶ ቀለሙን ሊያበላሸው ይችላል። ነርስ ናት ብለሃል። ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ አዮዲን፣ እንደገና ሳሙና። ለእሷ ቀለበት ኦፓል አልሠራም፣ እውነቴን ነው።

አሠራሩም ያስፈልጋል። ድንጋዩን ብቅ አድርገው የሚይዙት ጥርሶች ጓንት ይቀዳሉ፣ ልብስ ይይዛሉ። ለእሷ ድንጋዩ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን በወርቅ ታቅፎ ቢሠራ ይሻላል። ጠርዙም ከምት ይጠበቃል። በዚያ ላይ በብዙ ሆስፒታል ነርሶች ፈርጥ ያለው ቀለበት አድርገው እንዲሠሩ ስለማይፈቀድ ይህን መጀመሪያ ከእሷ አጣራ። ካልተፈቀደ ለሥራ ሰዓት ፈርጥ የሌለው ልሙጥ ቀለበት ጨምርበት።

እናትዬ

ልጄ፣ ኦፓልን በገደ ቢስነት እንዳትተወው፣ እለምንሃለሁ። ሮማውያን የሌሎች ድንጋዮችን ቀለም በአንድ ላይ የያዘ ብለው በጣም ያከብሩት ነበር። መጥፎ ስሙ የገነነው ኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በ1829 የወጣ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ጠበል ሲነካው ቀለሙ የጠፋ ኦፓል ነበር፣ ባለቤቷም ትሞታለች። ሰው ያንን አንብቦ ፈራ። አንጥረኛው የነገረህን ካስተዋልክ ደግሞ ነገሩ የድንጋዩ ባሕርይ ነው፣ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚደብቅ ኦፓል አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ወሬውን ከምንም ሳትቆጥር ራሷም አደረገችው፣ ለልጆቿም ሰጠች።

ድንጋዩን ከወደድከው የጆሮ ጌጥ ወይም ሐብል አድርገህ ስጣት። ጆሮና አንገት ላይ ግድግዳ አይመታውም፣ ሳሙናም እንደ እጅ አይበዛበትም። ሽቶና ክሬም ተቀብታ ከጨረሰች በኋላ ታድርገው፣ ስትታጠብ ታውልቀው። አክስቷን ደግሞ አትከራከራት። ቀለበቱ ሌላ ከሆነ እሷም ደስ ይላታል፣ አንተም ኦፓልህን አላጣህም።

ዕጩ ሙሽራ

በጣም ነው የማመሰግነው፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። እናትዬ ያልሽው ነገር ልቤ ገብቷል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የምትወደው ቀለም አረንጓዴ ነው። መረግድ ቢሆንስ? እሱም የፍቅርና የተስፋ ምልክት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንጥረኛው

መረግድ ውብ ነው፣ ግን ሁሌ ለሚደረግ ቀለበት ይከብደኛል። ጥንካሬው 7 ተኩል አካባቢ ቢሆንም አብዛኛው ውስጡ በተፈጥሮ ጥቃቅን ስንጥቅ አለው። ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ይገባበታል፤ ይህ በንግዱ የታወቀ ነው፣ ማታለልም አይደለም፣ እስከተነገረህ ድረስ። ሙቅ ውኃና ሳሙና ሲደጋገምበት ግን ዘይቱ ይወጣና ስንጥቁ መታየት ይጀምራል። በማጽጃ ማሽንም ሆነ በእንፋሎት አይጸዳም።

አረንጓዴ ካልክ አረንጓዴ ሰንፔር ፈልግ። ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብልም አለ፣ በጣም ያምራል። ታማኝነቱም ቀለሙም በአንድ ድንጋይ ተገኘልህ። ካጣህ አረንጓዴ ቱርማሊን አለ፣ 7 እስከ 7 ተኩል ነው፤ ከሰንፔር ይለሰልሳል፣ ግን ዙሪያውን ከታቀፈ ይሄዳል።

ሳሮን

ሰንፔር ልትገዛ ከሆነ ሻጩን ሳትጠይቅ ገንዘብ እንዳታወጣ። በሙቀት ቀለሙ የተሻሻለ ነው ወይ በለው። አብዛኛው ሰንፔር በሙቀት ያለፈ ነው፣ ለውጡም አይጠፋም፣ ስለዚህ አያስፈራም። የሚያስፈራው ስንጥቁ በመስታወት የተሞላ ድንጋይ ነው። ይህ በተለይ ሩቢ ላይ የተለመደ ነው፣ ሰንፔርም ላይ አለ። የሎሚ ጭማቂ እንኳ መስታወቱን ይበላዋል፤ አንጥረኛ ቀለበቱን ሊያሰፋ እሳት ቢያስጠጋው ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ ጥያቄውን በቀጥታ ጠይቅ፣ መልሱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፈው።

በላብራቶሪ የተሠራ ሰንፔርም አለ። ውሸት ድንጋይ አይደለም፤ በኬሚካል ይዘቱም በጥንካሬውም ከመሬት ከወጣው ጋር አንድ ነው። ሰው ሠራሽ ሩቢ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለገበያ ሲቀርብ ነበር። በጣም ይረክሳል። እኔ ብሆን ለእሷ ነግሬያት ነበር የምገዛው፣ ምክንያቱም ለአንዳንድ ሰው ከመሬት መውጣቱ ራሱ ትርጉም አለው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። የእሷን የምታውቀው አንተ ነህ።

ዕጩ ሙሽራ

ወሰንኩ። ወደ ሰማያዊ የሚሄድ አረንጓዴ ሰንፔር፣ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የታቀፈ። ኦፓሉን ለሠርጉ የጆሮ ጌጥ አደርገዋለሁ። የጣቷን ልክ ግን ሳታውቅ እንዴት ላግኝ?

አንጥረኛው

የምታደርገው ቀለበት ካለ ለአንድ ቀን ተዋሰውና ውስጡን እንለካልሃለን። የየትኛው እጅ የየትኛው ጣት እንደሆነ አስተውል፣ የሁለቱ እጅ ጣቶች ልክ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ቀለበት ከሌላት በእህቷ በኩል ሞክር። ጣት ሲበርድ ይቀጥናል፣ ሲሞቅ ያብጣል፤ ስለዚህ በክር ከተለካ ጠዋት በብርድ ሳይሆን ቀን ላይ ይሁን። ከጠበበ ማስፋት ይቻላል፣ ወርቁ በጣም ካልሳሳ። በዓመት አንዴ ደግሞ አምጣውና ማቀፊያው እንዳልላላ አይልሃለሁ። ለብ ባለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ለሰንፔሩ ይበቃዋል። ኦፓሉን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።