«ፐፕ» ሲበስል ምን ይባላል? የሚና ስሞችን ወደ አማርኛ ስለመመለስ

ጥያቄ፦
ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። እንግሊዝ አገር ስላሉት «ሂውማን ፐፕ» ስለሚባሉ ሰዎች የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የውሻ ፊት ያለው ጭምብል አጥልቀው፣ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ እንደ ቡችላ የሚጫወቱ አዋቂዎች ናቸው። «ፐፕ»ን ቡችላ፣ ፐፑን በጨዋታው የሚመራውንና የሚንከባከበውን «ሃንድለር» ደግሞ ጌታ ብዬ ጀመርኩ። ኋላ ላይ ግን ጽሑፉ በጊዜ ብዛት ይበስላሉ፣ ሚናም ይቀይራሉ ይላል። ታዲያ የበሰለውን ቡችላ ውሻ ልበለው?

መልስ፦
ውሻ አትበለው ወንድሜ። እነሱ ዘንድ ፐፕ የዕድሜ ስም አይደለም። የሃምሳ ዓመት ሰው ፐፕ ሆኖ ይገባል፣ ፐፕ ሆኖ ይኖራል። የሚበስለው ሌላ ነገር ነው። ጀማሪው መጀመሪያ ጭምብሉን ይሞክራል። ቀጥሎ ለራሱ ስም ያወጣል ወይም ጓደኞቹ ያወጡለታል። በዚያ ስም መታወቅ ሲጀምር ማንነቱ መልክ ይይዛል። ለአንዳንዱ ፐፕነት ቅዳሜ ማታ ለብሶት እሑድ የሚያወልቀው ነገር ነው። ለሌላው ደግሞ ጭምብሉ ባይኖርም አብሮት የሚውል የራሱ ክፍል ነው። የቆዩት አዲሶቹን ያስተምራሉ፦ ከጨዋታ በፊት መነጋገር፣ እስከ የት እንደሚፈቀድ መስማማት፣ «በቃ» የሚል ምልክት መያዝ። ለእኔ መብሰል የሚለው ቃል የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ነገሩ ያደገው በአሜሪካና በአውሮፓ፣ በቆዳ ልብሳቸው በሚታወቁ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች መካከል ነው። ዛሬ ሴቶችም አሉበት። ሊያም ዊግናልና ማርክ ማኮርማክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 30 ሰዎችን አነጋግረዋል። ወሲባዊ ጎን እንዳለው ተነግሯቸዋል፤ ሐሳብን ጥሎ ማረፍና አብሮነትም እንዳለበት እንዲሁ። ስለዚህ የመረጥከው ቃል ሁለቱንም ጎን መሸከም አለበት።

«ጌታ» የሚለውንም ተወው። ፐፑ ከሃንድለሩ ጋር የሚገናኘው በስምምነት ነው። ሃንድለሩ ከፐፑ ጋር ይጫወታል፣ ውሃ ያቀርብለታል፣ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። «አሳዳሪ» ብትለው ይሻላል፤ መንከባከብም ኃላፊነትም አለበት። ብዙ ሃንድለሮች ፐፕ ሆነው ጀምረዋል። ሁለቱንም እያፈራረቁ የሚኖሩም አሉ። ፐፕነት የታች፣ አሳዳሪነት የላይ እርከን እንዳይመስልብህ ተጠንቀቅ። ሹመት የሚሸት ቃል ከገባ ነገሩ ይበላሻል።

ሌላ አባል፦
እኔን ያሳሰበኝ «ቡችላ» ራሱ ነው። በአማርኛ «የእገሌ ቡችላ» ማለት ተላላኪ፣ አጎብዳጅ ማለት ነው። በደርግ ዘመን «የኢምፔሪያሊዝም ቡችሎች» ሲባል የሰማ ሰው የቃሉን ክብደት ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ግን የፍቅር ቃል ነው። እኔ ብሆን «ፐፕ» ብዬ አስገብቼ አንዴ አስረዳለሁ።

መልስ፦
ልክ ነህ፣ እስማማለሁ። «ፐፕ» ይሁን።

ሌላ አባል፦
ስለ «አልፋ»ስ? ጽሑፉ ውስጥ አልፋ፣ ቤታና ኦሜጋ የሚባሉ የመንጋ፣ ማለትም የፐፖች ቡድን፣ ማዕረጎች እንዳሉ እገምታለሁ። የእኛ አንባቢ «አልፋና ኦሜጋ» ሲል ራእይ ላይ ያለውን፣ ፊተኛውንና ኋለኛውን ነው የሚያስበው። እዚያ ግን ኦሜጋ የመንጋው መጨረሻ ነው።

መልስ፦
ይህ ቃል ታሪክ አለው። በ1947 እ.ኤ.አ. ሩዶልፍ ሼንክል በአጥር ውስጥ የተያዙ ተኩላዎችን አጥንቶ ስለ ማዕረጋቸው ጻፈ። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡ ተስፋፋ። ያው ሜች በ1999 እ.ኤ.አ. ተመልሶ አስተካከለው። በዱር ያለ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው፤ «አልፋ» የተባሉትም ወላጆቹ ናቸው። ተኩላዎቹ ዘንድ የተጣለው ማዕረግ በፐፖቹ ዘንድ ቀጥሏል። ትርጉሙ ግን ለስልሷል፤ ብዙ ቦታ አልፋ ማለት አዲሱን የሚያለማምድ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ ነባር ፐፕ ነው። ማዕረጉን ጨርሶ የማይፈልጉ መንጋዎችም አሉ። አማርኛ ለዚህ ያማረ ቃል አለው፦ «አውራ»። አውራ ዶሮ፣ አውራ ንብ እንላለን። «የመንጋው አውራ» በለው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። «ሄድስፔስ» ብቻ ቀረኝ። እንደ ሰው ማሰባቸውን ትተው ሙሉ በሙሉ ጨዋታው ውስጥ የሚገቡበትን ሁኔታ ነው እንዲህ የሚሉት። «መንፈስ» ብል ዛር ይመስላል።

መልስ፦
«ሙድ ውስጥ መግባት» በለው፣ የከተማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። «ሙድ መያዝ» ግን እንዳትጽፍ፤ እሱ ማሾፍ ነው። «ስትሬይ» ከመጣብህ ደግሞ «የጎዳና ውሻ» አትበል። አሳዳሪ የሌለው ፐፕ ማለት ነው፤ ብዙዎቹም መርጠውት ነው። «አሳዳሪ ያልያዘ» ይበቃል።