አንቶኒዮና ባሳኒዮ፦ አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ብቻ ሆነው እንዳይታዩ ምን ይደረግ?

የጮቄ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ የመድረክ ወዳጆች። ደብረ ማርቆስ ለአንድ የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ የሼክስፒርን «የቬኒሱ ነጋዴ» ወደ አንድ ሰዓት አሳጥረን ልንሠራው ነው። ነጋዴው አንቶኒዮ፣ ወዳጁ ባሳኒዮ ሀብታሟን ፖርሺያን እንዲያጭ ብሎ ከአይሁዳዊው አራጣ አበዳሪ ከሻይሎክ ይበደርለታል፤ በቀኑ ካልከፈለ ከሥጋው አንድ ፓውንድ ሊቆረጥ ይዋዋላል። ያስቸገረን የሁለቱ ወዳጅነት ነው። በልምምድ ላይ ባሳኒዮ በላተኛ፣ አንቶኒዮ ደግሞ ሞኝ መስለው ይወጣሉ። ምኑን ብንይዝ ይስተካከላል?

ጣና ዳር፦
መጀመሪያ የቆረጣችሁትን እዩ። ሲያጥር ቶሎ የሚወድቀው ባሳኒዮን የሚያድነው ቃል ነው። ገቢር 1 ትዕይንት 3 ላይ ሻይሎክ የሥጋውን ውል ሲያቀርብ ባሳኒዮ ይቃወማል፤ ለእኔ ብለህ እንዲህ ያለ ውል አትፈርም፣ ከነችግሬ ብቀመጥ ይሻለኛል ይላል። የሚገፋው አንቶኒዮ ነው። ውሉ የ3 ወር፣ መርከቦቼ የሚመለሱት በ2 ወር፣ የሚያመጡት የዕዳውን 9 እጥፍ እያለ ያባብለዋል። ይህ ከሌለ ባሳኒዮ ወዳጁን ለቢላ የሸጠ ይሆናል።

ሁለተኛው አንቶኒዮ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለባሳኒዮ የሚልከው ደብዳቤ ነው፣ ገቢር 3 ትዕይንት 2። አንቶኒዮ በመካከላችን ያለው ዕዳ ሁሉ ተሰርዟል፣ ስሞት ዓይንህን ብቻ ልየው ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ፍቅርህ ካላመጣህ ደብዳቤዬ አያምጣህ ብሎ ይዘጋል። ይፈታዋልም ያስረዋልም። ተዋናዩ እያለቀሰ ካነበበው ተራ ልመና ይሆናል። ረጋ ብሎ ያንብብ፣ ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በፊት ይቁም።

ቡሬ፦
የእኛ አገር ተመልካች ዋስትናን ጠንቅቆ ያውቃል። አንቶኒዮን ዋስ ካላችሁት «ዋናው ተበዳሪ ቆሞ ዋሱ ለምን ይታረዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ልክም ነው። በውሉ 3,000 ዱካቱን (የቬኒስ የወርቅ ገንዘብ) የተበደረው፣ ብቻውን የሚፈርመውም አንቶኒዮ ነው፤ ባሳኒዮ በወረቀቱ ላይ የለበትም። የአንቶኒዮ ሀብት ባሕር ላይ ስለሆነ በስሙ ተበድሮ ነው ገንዘቡን የሚሰጠው። ፊርማው በጽሑፉ ከመድረክ ውጭ ነው የሚፈጸመው፤ እናንተ ግን አሳዩት። ባሳኒዮ እጁን ወደ ወረቀቱ ሲሰድ አንቶኒዮ እጁን ይዞ ይመልስ፤ ቃል አይጨመርበት።

ደግሞ «ሽማግሌ የት ሄደ?» የሚልም አይጠፋም። መልሱ ጽሑፉ ውስጥ አለ፦ 20 ነጋዴዎች፣ ሹማምንቱና የቬኒሱ መስፍን ራሱ ሻይሎክን ለምነው እምቢ ብሏል። አንዲት መስመር ናት፤ ጎጃም ላይ ለሚሠራ ሰው ግን መቆረጥ የሌለባት ናት።

ደጀን፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንቶኒዮን ጻድቅ አታድርጉት እንጂ። ችሎቱ ላይ (ገቢር 4) ራሱን ከመንጋው እንደታመመ በግ ቆጥሮ ለሞት እኔ እገባለሁ ይላል፤ ለሚስትህ እንዴት እንደወደድኩህ ንገራት ብሎም ይናዘዛል። መሞቱ እንዲታይለት ይፈልጋል። ባሳኒዮም ተነክቶ ሕይወቴንም፣ ሚስቴንም፣ ዓለምንም ላንተ እሠዋ ነበር ሲል ሚስቱ ፖርሺያ በወንድ ልብስ ዳኛ መስላ አጠገቡ ቆማለች። ፊቷ ወደ ተመልካቹ ይሁን፤ ጀርባ ከሰጠች ትዕይንቱ ሞተ።

ከዚያ ፖርሺያ ከጣትህ እንዳታወልቀው ብላ ለባሳኒዮ የሰጠችው ቀለበት ይመጣል። «ዳኛው» ለውለታው ቀለበቱን ሲጠይቅ ባሳኒዮ እምቢ ይላል። አንቶኒዮ ነው የሚስትህን ትእዛዝ ከእኔ ፍቅር ጋር መዝን ብሎ የሚያስሰጠው። ያለ ክፍያ ሰጠ የተባለው ሰው እዚህ ላይ ይሰበስባል። እኔ ደረቱ ላይ ከተያዘው ቢላ ይልቅ ይህን አስፈሪ አድርጌ ነው የማየው። በሻይሎክ ላይ የሚተፋው፣ ሲያሸንፍም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የሚያስገድደው ይኸው አንቶኒዮ ነው፤ ይህን ከደበቃችሁ ሰውየውን አላሳያችሁም።

የጮቄ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ችሎቱ ላይ ልንጨርስ አስበን ነበር፤ ገቢር 5ን ብንተወውስ?

ቡሬ፦
ኧረ በፍጹም! አንቶኒዮ እውነተኛ ዋስ የሚሆነው እዚያ ነው። በፊት ሥጋዬን አስይዤ ነበር፣ አሁን ነፍሴን አስይዛለሁ፣ ባሳኒዮ ቃሉን አያፈርስም ይላል። ፖርሺያም ቀለበቱን ለባሳኒዮ አትሰጥም፤ ለአንቶኒዮ ሰጥታ በእሱ እጅ ታሻግረዋለች። ቀለበቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ከኋላ ወንበር ላለው እንዲታይ ቀስ ይበል፤ ሌላው ተዋናይ አይንቀሳቀስ።

ጊዜ ካጠረባችሁ ፖርሺያን ለማግባት ሣጥን የሚመርጡትን የሞሮኮንና የአራጎንን መሳፍንት ትዕይንቶች ቁረጡ፣ የአገልጋዩን የላንስሎትን ቀልድም እንዲሁ። ሣጥኖቹን ባሳኒዮ ሲመርጥ ብቻ አሳዩ። የሻይሎክን ልጅ የጄሲካን መኮብለል ግን በሁለት ሦስት መስመርም ቢሆን አስቀሩት፤ የሻይሎክ ቁጣ ያለ እሱ መነሻ ያጣል።