ከዓለም ፍጻሜ የተረፈች ፒክአፕ፦ ዝገትና አቧራ ያለ ኤር ብራሽ (ጥያቄና መልስ)

የከዚራው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬዳዋ ነኝ። 1/24 የሆነች (ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ያነሰች) የፕላስቲክ ፒክአፕ ሞዴል ገጣጥሜ ቀለም ላይ ደርሻለሁ። ሐሳቤ ዓለም ከፈረሰች በኋላ በረሃ ውስጥ የተረፈች መኪና እንድትመስል ነው። ነዳጅ ብርቅ፣ ውሃ ብርቅ፣ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። እሷ ግን አሁንም ትነሳለች።

ኤር ብራሽ፣ ማለትም ቀለም በአየር ግፊት የሚነፋው መሣሪያ፣ የለኝም። ያለኝ አክሪሊክ፣ ብሩሽና የመኪና ስፕሬይ ቀለም ነው። በብሩሽ የተቀባ ቡናማ ደግሞ ዝገት ሳይሆን ጭቃ ይመስላል። የተላጠ ቀለም፣ ዝገትና አቧራ እዚሁ በሚገኝ ዕቃ እንዴት ይሠራል?

ሳቢያን 24

አቦ፣ ደስ የሚል ሥራ ነው የያዝከው! ኤር ብራሽ ለሌለው ሰው ስፖንጅ ይበቃል። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትንሽ ቀደድ አድርግ። መቁረጫ አትጠቀም፣ ጠርዙ ሸካራ መሆን አለበት። ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ ካስነካኸው በኋላ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪደርስ ወረቀት ላይ ጠቅ ጠቅ አድርገው። ከዚያ ሰው የሚነካውንና የሚረግጠውን ቦታ ብቻ ንካ፦ የበሩን ጠርዝ፣ የኮፈኑን አፍ፣ የጭነት ሳጥኑን ከንፈር።

መጠኑን ግን አስብ። በ1/24 ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ልጥ (ቀለሙ የተላጠበት ቦታ) እውነተኛው መኪና ላይ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ትልልቅ ነጠብጣብ ሞዴሉን ወዲያው አሻንጉሊት ያደርገዋል። ሌላው ነገር፣ መጀመሪያ ከመኪናው ቀለም ትንሽ ነጣ ባለ ቀለም ንካ፣ ቡናማውን በዚያ መሃል አሳንሰህ ጨምር። ያን ጊዜ ልጡ ጥልቀት ያለው ይመስላል።

ፈረስ መጋላ

ለትልልቅ ልጥ የፀጉር ስፕሬይ ሞክር። ከታች የዝገት ቀለም፣ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ፣ ከዚያ የመኪናው ቀለም። ቀለሙ እንደደረቀ በእርጥብ ብሩሽ ብትፈትገው ይነሳል።

ሳቢያን 24

ወንድሜ፣ ይሄ የሚሠራው የላይኛው ቀለም በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ሲሆን ነው። የፀጉር ስፕሬዩ በውሃ ስለሚሟሟ ነው ቀለሙ የሚላቀቀው። የመኪና ስፕሬይ ግን ውሃ አያሳልፍም። አክሪሊኩም በብሩሽ ከተቀባ እርጥበቱ ከሥር ያለውን ያንቀሳቅሰዋል።

የከዚራው ስፕሬይ ስላለው ጨው ይሻለዋል። የዝገቱ ቀለም በደንብ ይድረቅ። ዝገት የምትፈልግበትን ቦታ በውሃ አርጥብና ሻካራ ጨው ነስንስበት። ጨው አንድ ዓይነት አይሁን፣ ገሚሱን ደቆስ አድርገው። ውሃው ሲደርቅ ጨው ይጣበቃል። ያኔ የላዩን ቀለም ስስ አድርገህ ንፋ፣ ሲደርቅ ጨዉን በጥርስ ብሩሽ አራግፍና በውሃ እጠብ።

ቀለም ቀቢው

ልጄ፣ እኔ የምቀባው ትልልቁን መኪና ነው፤ የስፕሬዩ ጠባይ ግን አንድ ነው። የጋራዥ ቲነር ፕላስቲኩ ላይ እንዳታፈስ፣ ይበላዋል። ስፕሬዩም ቢሆን በባዶ ፕላስቲክ ላይ በአንዴ ወፍራም ሆኖ ከተነፋ ሊያቃጥለው ይችላል። መጀመሪያ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋው ሥረ ቀለም)፣ እሱም ስስ ስስ እየተደረገ፣ በየመሃሉ እየደረቀ።

በድሬ ቀትር ደግሞ አትንፋ። ሙቀቱ ቀለሙን ሳያርፍ አየር ላይ ያደርቀዋል፣ ገጹ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ደጅ ሆነህ አፍህን ሸፍነህ ሥራ።

የጁገል ልጅ

እኔ ሐረር ነኝ። ከቴክኒኩ በፊት አንድ ነገር ልበልህ ወንድሜ። ጥያቄህ ውስጥ መኪናዋ አሁንም ትነሳለች ብለሃል። እንደዚያ ከሆነ የሚጠግናት ሰው አለ ማለት ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞዴሎች ዝገት ብቻ ናቸው፤ ጥገና አይታይባቸውም። የቆመ መኪና ይዝጋል፣ የሚሄድ መኪና ግን ይለጠፋል።

እባክህ እዚህ ናና ፔጆ 404 ታክሲዎቻችንን ተመልከት። ሞዴሉ የወጣው በ1960 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ሐረር ውስጥ ግን ታክሲ ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና ላይ አንዱ በር ከሌላው ትንሽ ይለያል። ባቲላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ ሠራተኛ) ያቃናው ፓራፋንጎ፣ ማለትም የጎማ ሽፋን፣ ሞገድ አለው። ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ቀለሙ ይደበዝዛል። ከአሮጌው ቀለም ሥር የሌላ ዘመን ቀለም ብቅ ይላል። ባለቤቱ ይወዳታልና ያጥባታል፣ ይወለውላታል። ይሄን ነው ሞዴልህ ላይ ማየት የምፈልገው።

ስለዚህ አንዱን በር ከሌላ መኪና እንደመጣ በተለየ ቀለም ቀባው። ከመጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ጎኗ ላይ ለጥፍ፣ ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ ብታደርገው የብሎን ራስ ይሆናል። ለመስኮቷ መከላከያ የወባ ትንኝ ወንፊት ሽቦ ጥሩ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳው በእውነተኛው 2.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፖርቶ መጋላዋ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛዋ) ላይ ቢጫ ጀሪካኖች በሲባጎ ሳይሆን በስፌት ክር እሰር። ውሃ ብርቅ ከሆነ ጀሪካኑ ከመኪናዋ ሁሉ ንጹሕ ይሁን፤ ሰውዬው የሚጠብቀው እሱን ነውና።

ለገሀር

በጣም እስማማለሁ። የኛ አገር ደረቅ ነው፤ ከዝገት በፊት ፀሐይ ነው መኪና የሚበላው። ጣሪያውና ኮፈኑ ነጣ ይበሉ፣ የጎኑ ቀለም ጠቆር ብሎ ይቆይ። ዝገቱን ውሃ የሚተኛበት ቦታ ብቻ አድርገው፣ ከወለሉ ሥርና ከበሩ ታችኛ ጠርዝ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ግን ሙሉ ለሙሉ ዝገት ቢሆን ያምርበታል።

እውነተኛ የዝገት ዱቄት ከፈለግህ የሚዝግ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አቼቶ ውስጥ ንከር። ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አትግጠም። ሽቦውን አውጥተህ አየር ላይ ስትተወው ይዝጋል፣ ሲደርቅ ፈትገህ ዱቄቱን ሰብስብ። በረኪና እንዳትጨምርበት አደራ! ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ክሎሪን ይወጣል።

ለአቧራው ደቻቱ አለልህ። ከደረቁ ወንዝ አፈር ወስደህ ብረት ምጣድ ላይ አድርቀው፣ ውቀጠው፣ በስቶኪንግ ንፋው። ሳይነፋ ከቀረ እያንዳንዱ የአሸዋ ፍሬ ድንጋይ ያህላል።

ማሳያውንስ አስበህበታል? በአሮጌው የባቡር ሀዲድ አጠገብ ብታቆማት ድሬ መሆኗ ያለ ጽሑፍ ይታወቃል። የዚያ ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ በ1/24 ወደ 42 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

የከዚራው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! በሩን ቀይሬ እቀባለሁ፤ ሀዲዱም ይገባል። አንድ የቀረኝ፦ የአፈሩ ዱቄት በምን ይያዝልኛል? ጋሼ ቀለም ቀቢው፣ ቫርኒሽ ከላዩ ብነፋበት ምን ይሉኛል?

ቀለም ቀቢው

ልጄ፣ ቫርኒሹ ከአቧራው በፊት ይሁን፤ የማያብለጨልጨውን ማት ግዛ። ከአቧራው በላይ ከነፋኸው ያጠቁረዋል፣ ግማሹም በንፋሱ ይበናል።

ለገሀር

ጋሼ እንዳሉት። ማቱ ሲደርቅ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጥጋጥጉ ውስጥ፣ ጎማው ላይና ፓራፋንጎው ሥር አስቀምጥ። ከዚያ የብሩሽ ጫፍ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አስነክተህ ዱቄቱ ዳር ላይ ብቻ ንካ፣ ራሱ ስቦ ይጠጣዋል። እርጥብ ሳለ ጠቁሮ ያስደነግጣል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። አያያዙ ጠንካራ ስላልሆነ በኋላ መኪናዋን በሆዷ በኩል ያዛት። መስታወቱን ሾፌሩ በእጁ እንደጠረገው በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ክብ አድርገህ ጥረግለት።