ከባንክ ቅርንጫፍ ወደ ሞባይል ገንዘብ ሥራ ለመግባት ከየት ልጀምር?

ቀስተደመና (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ደንበኛ አገልግሎት ላይ እሠራለሁ። ፍላጎቴ ግን ማንበብ ለማይችሉ፣ ማየት ለተሳናቸውና ተራ ስልክ ለያዙ ሰዎች የሚመች የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ላይ መሥራት ነው። ኤክሴል በደንብ እችላለሁ፤ ኮድ ግን አልችልም። መጀመሪያ ምን ልማር? ለቃለ መጠይቅስ ምን ይዤ ልቅረብ?

ዳሞት
እህቴ፣ ኮድ አለመቻልሽ አያስጨንቅሽ። በሙያሽ የምትገቢበት በር ሪኮንሲሌሽን (ሁለት መዝገቦችን ማመሳከር) ነው። መሠረቱ ይህ ነው፦ በደንበኞች፣ በወኪሎችና በነጋዴዎች ዋሌት (የስልክ ገንዘብ ቦርሳ) ያለው ኢ-መኒ (ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ) ተደምሮ፣ ባንክ ውስጥ በአደራ ከተቀመጠው ገንዘብ ጋር ሳንቲም ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። ደንበኛ ለወኪል 500 ብር ሰጥቶ ዋሌቱን ሲሞላ የወኪሉ ኢ-መኒ በ500 ይቀንሳል፣ የደንበኛው በ500 ይጨምራል፤ የአደራ ሒሳቡ ግን አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ወኪሉ ባንክ ገንዘብ አስገብቶ ፍሎት (የሚሠራበትን ኢ-መኒ) ሲገዛ ወይም መልሶ ሲሸጥ ነው። ብዙ አመልካች ይህን ያምታታል።

ለልምምድ በኤክሴል አንድ የዋሌት መዝገብና አንድ የባንክ ስቴትመንት ፍጠሪ። ስታመሳክሪ በገንዘቡ መጠን አይሁን፤ በግብይት መለያ ቁጥሩ ይሁን። በአንድ ቀን 100 ብር የላከ ሰው ብዙ ነው፣ በመጠን ካመሳከርሽ የአንዱን ከሌላው ታጣብቂያለሽ። ያልገጠመውን ለዪ፦ ዋሌት ላይ ብቻ ያለ፣ ባንክ ላይ ብቻ ያለ፣ መጠኑ የተለያየ። እኩለ ሌሊት አካባቢ የተደረጉት ደግሞ አንዱ ጋ ዛሬ፣ ሌላው ጋ ነገ ተመዝግበው ይገኛሉ፤ እነሱን ጉድለት ብለሽ ከመክሰስሽ በፊት የማግስቱን መዝገብ እዪ።

ጣና
ከዚያ ቀጥሎ ኤስኪውኤል፣ ማለትም ከመረጃ ቋት መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ። ከትእዛዞቹ ሴሌክት፣ ግሩፕ ባይ እና ሌፍት ጆይን ይበቁሻል፤ «አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ የሌለ» የሚገኘው በሌፍት ጆይን ነው።

ምንጩ
ተራ ስልክ ካልሽ ዩኤስኤስዲን (ያለ ኢንተርኔት አጭር ኮድ ደውሎ የሚከፈተውን ሜኑ) ጠንቅቀሽ እወቂ። አንድ መልእክት 160 ባይት ነው። በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ከአንድ ባይት ያነሰ ስለሚወስድ 182 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 80 ብቻ። ክፍት ቦታውም፣ አዲስ መስመሩም ይቆጠራል። ይህን ቁጠሪ፦

1 ገንዘብ ላክ
2 ገንዘብ አውጣ
3 ካርድ ሙላ
4 ሒሳብ እይ
5 ቋንቋ

44 ምልክት ነው፣ ይገባል። የሚያጣብበው የማረጋገጫው ገጽ ነው፤ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ስልኩ፣ መጠኑና ክፍያው እዚያው መታየት አለባቸው። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተተረጎመ ሜኑ የሚቆረጠውም እዚህ ነው። አንዳንድ አሮጌ ስልክ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ለእነዚህ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አማራጭ ሆኖ ይቅረብ።

ሌላው ጣጣ መስመሩ መሃል ላይ መቋረጡ ነው። ደንበኛው አልሄደም ብሎ ደግሞ ይልክና ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሲስተሙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለዚያው ቁጥር ያንኑ መጠን ሲያይ «አሁን ልከዋል፣ ይደገም?» ብሎ ይጠይቅ። ውጤቱም ሁልጊዜ በኤስኤምኤስ ይድረስ።

አድማስ
ለዓይነ ስውራን መተግበሪያ ስትፈትሺ ቶክባክን (የአንድሮይድን ስክሪን አንባቢ) አብሪ፣ ስክሪኑን ሸፍኚ፣ ከመግቢያ እስከ ደረሰኝ በጆሮሽ ብቻ ሂጂ። የሚገጥሙሽ ችግሮች እንዲህ ያሉ ናቸው፦ ስም ያልተሰጠው ቁልፍ «በተን» ብቻ ተብሎ ይነበባል። ቦታ የሚቀያይር የፒን ሰሌዳ ወይ አይነበብም፣ ወይ ሚስጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። የማረጋገጫ ኮዱ ሰውየው አዳምጦ ሳይጨርስ ጊዜው ያልፋል። ስህተቱ በቀይ ቀለም ብቻ ይታያል፤ ደረሰኙም ምስል ስለሆነ አይነበብም። እያንዳንዱን ጻፊ። ለጽሑፍና ለጀርባው የቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለቁልፍ ስፋት በአንድሮይድ 48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ) ያዢ። ስልኩ ላይ የአማርኛ ድምፅ ከሌለ ግዕዙ ላይነበብ ስለሚችል አስቀድመሽ «ኢስፒክ ኤንጂ» የተባለውን ጽሑፍ አንባቢ ድምፅ ጫኚ፣ አማርኛ አለው።

ቀስተደመና
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰርተፊኬት ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ዳሞት
አይጎዳም፣ ግን ቅድሚያ አልሰጠውም። የዓለም ባንክ የፊንዴክስ (ሰዎች የገንዘብ አገልግሎት እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያጠና ዳሰሳ) ዝርዝር መረጃ በነጻ ይወርዳል። በ2021 እ.ኤ.አ. ከሰሃራ በታች ካሉ አዋቂዎች 55 በመቶው ሒሳብ ነበራቸው፣ 33 በመቶው የሞባይል ገንዘብ። ሒሳብ የሌላቸው ሰዎች የሰጡትን ምክንያት በፆታ ከፋፍለሽ ሁለት ገጽ ጻፊ፤ ከአድማስ ፍተሻ ጋር አያይዘሽ ብታቀርቢ ከሰርተፊኬት ይበልጣል።

ጣና
አንድ ልጨምር፦ የምታሳዪው ኤክሴል ውስጥ ያለው ስም፣ ስልክና ሒሳብ ሁሉ ራስሽ የፈጠርሽው ይሁን። ከቅርንጫፍሽ የወጣ የአንድ ደንበኛ መስመር ከተገኘበት፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ ፋይሉን እዚያው ይዘጉታል።