የቅርጫት ኳስ ውርወራዬ 32.6 ሜትር ከፍታ ወጣብኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጠያቂ (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለሒሳብ ፕሮጀክት የፍሪ ስሮው ውርወራዬን በስልክ ቀርጬ በቨርቴክስ ፎርም (የኩርባውን ጫፍ በሚያሳየው ቀመር) ልጽፈው እየሞከርኩ ነው። ኳሱ ከእጄ የወጣው ከመሬት 2 ሜትር ላይ ነው። ሪንጉ 3.05 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከእጄ እስከ ሪንጉ መሀል በአግድም 4.2 ሜትር ነው። መውረድ የጀመረው 2.5 ሜትር ከሄደ በኋላ ነው። ቁመቱን ቁ፣ አግድም ርቀቱን ር፣ የጫፉን ከፍታ ጫ ብዬ፦

ቁ = −4.9(ር − 2.5)² + ጫ

ር ዜሮ ሲሆን ቁ 2 ነው ብዬ ስፈታው ጫ 32.6 ሜትር ሆነ። አሥር ፎቅ ማለት እኮ ነው! ሐሙስ ነው የማስረክበው፣ እባካችሁ።

የፊዚክስ መምህር
ልጄ፣ ቅንፉ ልክ ነው፤ ብዙ ተማሪ እዚያ ላይ መደመር ይጽፋል። የሳትከው −4.9 ላይ ነው። እሱ የስበት 9.8 ግማሽ ስለሆነ የሚያገለግለው ቁመትን ከጊዜ ጋር ስታያይዝ ነው። አንተ ግን ያያያዝከው ከርቀት ጋር ነው። እዚህ ቁጥሩ የሚወሰነው ኳሱ ወደ ፊት በሚሄድበት ፍጥነትም ጭምር ስለሆነ ከራስህ ልኬት አውጣው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ
መምህር እንዳሉት ነው። ሪንጉንም ለክተህ ሳትጠቀምበት ቀረህ። −4.9ን በሀ ተካና ሁለቱን ነጥቦች አስገባ፦

ከእጅህ፦ 6.25ሀ + ጫ = 2
ከሪንጉ፦ 2.89ሀ + ጫ = 3.05

ስትቀናንሳቸው 3.36ሀ = −1.05፤ ሀ = −0.3125። ጫ 3.95 ሜትር ገደማ ይመጣል።

የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ
ከሪንጉ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ ጥሩ ውርወራ ነው፣ በርታ። ግን ስልኩን በትክክል ከጎን አቁመህ ነው የቀረፅከው? ሰያፍ ከሆነ 2.5ቱ ራሱ ይዛባል። ሁልጊዜም የኳሱን መሀል ለካ።

ጠያቂ
አዎ፣ ከጎን ነው፤ የለካሁትም መሀሉን ነው። 3.95 መጣልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ልክ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

የፊዚክስ መምህር
በጊዜ። ኳሱ 1.95 ሜትር ወጥቷል፤ 1.95ን ለ4.9 አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ስታወጣ 0.63 ሰከንድ ነው። ስልክህ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርፅ ከሆነ ከእጅህ እስከ ጫፉ 19 ምስል ያህል መቁጠር አለብህ።

ጠያቂ
20 ቆጠርኩ። ጫፉ ላይ ኳሱ የቆመ ስለሚመስል የትኛው ምስል እንደሆነ መለየት ከበደኝ። እሱንም ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ።